ላስቲኩ ስር ያለው ውሃ

ሰው «አዳልጦኝ ወደቅኩ» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ መድን ድርጅት የጉዳት መርማሪ ሆኜ ስሠራ እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ሰውየው የሚናገረውንና የጫማው ሶል የሚያሳየውን ማስተያየት። ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ይቀልድብኛል። «እሷ እኮ ደህና አደርሽ ሲሏት እንኳ ማስረጃ ትጠይቃለች» እያለ ለጎረቤት ያወራል። ያውራ። እኔ ተጠራጥሬ የከሰርኩበት ቀን የለም ብዬ አምን ነበር።

ስለዚህ አባቴ በገዛ ግቢው ወድቆ ዳሌው ሲሰበርም መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው። ጫማው ደህና ነበር። ጥፋቱ የንጣፉ ነው።

አባቴ ያለበት ሰፈር ዝናቡ ሲያባራ ጭጋጉ ይመጣል፣ ጭጋጉ ሲነሳ ዝናቡ ይመለሳል። ጨው በዕቃው ውስጥ እንዳለ ይጓጉላል፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ እርጥብ እርጥብ እንደሸተተ ይገባል። ግቢው ከቤቱ በር እስከ ውጪው የብረት በር ድረስ በአራት ማዕዘን የሲሚንቶ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ድንጋዮቹን አባቴ በጎልማሳነቱ፣ እናቴ አሸዋ እያቀበለችው፣ በገዛ እጁ ነው የደረደራቸው። በግራ በኩል ከፍ ያለ ግንብ ስላለ ፀሐይ አታገኛቸውም። የድንጋይ ሽበት ከዓመት ዓመት እየወረሳቸው አረንጓዴ ምንጣፍ መስለው ነበር። ለዓይን ደስ ይላል፣ ለእግር ግን ሳሙና ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ፈቃድ ወስጄ አብሬው ገባሁ። አምስት ወር ሆነኝ። ሐኪሙ «አጥንቱ ገጥሟል፣ የቀረው ልምምድ ነው» ብሎ ነበር፤ አባቴ ግን ከአልጋው ተነስቶ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ የእኔን ትከሻ ይፈልጋል። አንድ ቀን በከዘራ ልሞክር ብሎ ሳሎን መሃል ሲንገዳገድ ጮኼ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ከዘራውን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከሻንጣዎቹ ጀርባ አስቀመጥኩት። ለደህንነቱ ብዬ ነው።

ነገሩን የቆረጠው ታላቅ ወንድሜ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ዳኛ፣ ከቤቱ በር እስከ ውጪው በር ማንም ሳይደግፈው ብቻውን ከሄደ እዚሁ እንደሚኖር ነገረው። ካልቻለ ከወንድሜ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፣ ቤቱም ይከራያል። ተከራይ ከወዲሁ ተገኝቶ ነበር። ሰውየው ትናንሽ ልጆች ስላሉት ግቢው ታጥቦና ታሽጎ ካላለቀ አልገባም ብሏል። ወንድሜም የአባቴን የፈተና ቀን ከዚሁ ጋር አሰረው፤ ግቢው ባለቀ ማግስት መጥቶ ያያል፣ ካልሆነ በዚያው ይዞት ይሄዳል። እኔም ተስማምቼ ነበር። አባቴ ጣራውን እያየ «እሺ» አለ።

እሺታው ከነከነኝ። አባቴ በሕይወቱ ቶሎ እሺ ያለበት ጉዳይ የለም። ከእናቴ ጋር ስለ ድስት ክዳን ሳምንት ሙሉ ሲከራከር የኖረ ሰው ነው።

ግቢውን እንዲያጸዳ ወንድሜ የላከው ሰው ዝምተኛ ነው። ሰላሳ ስምንት ወይም አርባ ይሆነዋል፤ ጉልበቱ ላይ የጎማ ቁራጭ አስሮ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ በግፊት ውሃ በሚረጭ ማሽን ንጣፉን አጠበው፤ ቀጥሎ በየመጋጠሚያው የተሰገሰገውን ሽበት በቀጭን ብረት ፈልቅቆ አወጣው፤ ሥሩ እንዳያቆጠቁጥ መድኃኒት ነሰነሰበት። ከዚያም ደረቅ አሸዋ በየክፍተቱ ጠርጎ አስገባ። አላርፍም ያልኩት እኔ ከኋላው ሆኜ ያልተፈለቀቀ እየፈለግኩ ነበር። አንድም አላገኘሁም። ይህም ራሱ አላስደሰተኝም።

ከዚያ የላስቲኩ ነገር መጣ። የቀረው ማሸጊያውን መቀባት ብቻ ነበር፤ እንደ ቫርኒሽ ያለ፣ ውሃ ወደ ድንጋዩ እንዳይሰርግ የሚከለክል ፈሳሽ ነው። ሰውየው ግን በመቀባት ፈንታ ክንድ ክንድ የሚያህሉ አራት የላስቲክ ቁራጮች አወጣና ከቤቱ በር እስከ ውጪው በር በተራ ዘረጋቸው። አንዱን ከደረጃው ስር፣ ሁለተኛውን ከአበባ ማሰሮው አጠገብ፣ ሦስተኛውን ግንቡ ከሚያልቅበት፣ አራተኛውን ከብረት በሩ ፊት ለፊት። በየማዕዘናቸው ትናንሽ ድንጋዮች ጫነባቸው። ድንጋዩ ከላይ ደርቆ ውስጡ ውሃ ሊይዝ እንደሚችል፣ ላስቲኩ ስር ላብ ካለ ገና ነው ማለት እንደሆነ፣ አራቱም ደርቀው ካላደሩ እንደማይቀባ አስረዳኝ። በእርጥቡ ላይ ከተቀባ ነጭ ሆኖ ይወጣል አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን በልቤ «ላስቲኩ» ብዬ ሰየምኩት።

እንደ ዕድል ሆኖ ያን ሰሞን ዝናቡ ጠፋ። ፀሐይም ነፋስም ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ላስቲኩ ከደረጃው ስር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። የመጀመሪያው ላስቲክ ስር ርሷል፤ ሦስቱ ደረቅ ናቸው። «ነገ እናያለን» ብሎ ሄደ። በማግስቱ የመጀመሪያው ደርቋል፣ ሁለተኛው ርሷል። በሦስተኛው ቀን ይኸው ሁለተኛው እንደገና ርሷል።

የሚያፈስ ቧንቧ አውቃለሁ። ከምድር የሚመነጭ ውሃም አውቃለሁ፤ ስንት የፈረሰ ግድግዳ መርምሬአለሁ። ከቤት በር ተነስቶ ወደ ውጪው በር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚራመድ እርጥበት ግን አይቼ አላውቅም። ይህ የሰው ሥራ ነው አልኩ። ሰው ደግሞ ማን አለ? እኔ ዳቦ ቤት ተሰልፌ ነው፣ አባቴ አልጋው ላይ ነው፣ የውጪው በር ቁልፍ ያለው ደግሞ ላስቲኩ ነው፤ እኔ ሳልኖር እንዲገባ ወንድሜ የሰጠው።

አንዴ ከጠረጠርኩ ሁሉ ነገር ማስረጃ ይሆንልኛል። በላስቲክ ቁራጮቹ ማዕዘን ላይ ካሉት ድንጋዮች አንዱ ሁልጊዜ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። መታጠቢያ ቤት የማስቀምጠው መወልወያ ሁለት ጊዜ ወጥ ቤት በር ጥግ ቆሞ አገኘሁት፤ ማንቆርቆሪያውም ከምድጃው ላይ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ። ሰውየው ውስጥ ድረስ ይገባል ማለት ነው። ሂሳቡ በቀን አይደለም፣ በሥራው ነው፤ ታዲያ ሥራውን ማጓተቱ ምን ይጠቅመዋል? ያልገባኝ ይህ ነበር፤ ያልገባኝ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል።

መልሱን ያገኘሁት የመሰለኝ በአባቴ መስኮት በኩል ሲያወሩ የሰማሁ ዕለት ነው። ላስቲኩ ከውጪ የቤቱን ግድግዳ ተደግፎ፣ አባቴ ከውስጥ ትራስ ተደግፎ ይንሾካሾካሉ። የአባቴን ሳቅ ሰማሁ። አምስት ወር ሙሉ ለእኔ ያልሳቀውን ሳቅ። ወደ ክፍሉ ስገባ ጸጥ አሉ። ምን እያወራችሁ ነው ብል አባቴ «ስለ አሸዋ» አለኝ። ስለ አሸዋ እንደዚያ የሚሳቅ ከሆነ እኔም ልስማው ብዬ ቆምኩ፤ ላስቲኩ ወደ ሥራው ሄደ።

ወዲያው ለወንድሜ ደወልኩለት። ሰውየው ቤቱን ራሱ ሳይፈልገው አይቀርም፣ ተከራዩ ተሰላችቶ እስኪቀር እያጓተተ ነው፣ አባዬን ደግሞ በአፉ እያባበለ ነው አልኩት። ወንድሜ በሆዱ ያለውን የማይደብቅ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚመጣና ግቢው አልቆ ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ስልኩን ስዘጋ ልቤ ትንሽ ረጋ። ጥርጣሬን ለሁለት መሸከም ይቀላል።

ዓርብ ጠዋት ዳቦዬን ይዤ ስገባ ላስቲኩ ግንቡ ከሚያልቅበት ቦታ ተንበርክኮ ነበር። ሦስተኛው ላስቲክ። ስሩ ረስርሷል። ቀና ብሎ አየኝና «ሁለት ቀን ቢታገሱን ጥሩ ነው፣ እትዬ» አለ።

ያን ጊዜ የያዝኩትን ሁሉ ለቀቅኩት። ማንን እንደሚያታልል ጠየቅኩት። እኔ ወጥቼ እስክገባ በገዛ እጁ ውሃ እያፈሰሰ ገና ነው እንደሚል፣ ማንቆርቆሪያዬን እንደሚነካ፣ ማታለያ ሲፈጥር ቢያንስ ውሃውን አንድ ቦታ ማድረግ እንደነበረበት፣ በእኔ ሙያ እንደዚህ ያለው ተንኮል የጀማሪ እንደሚባል ነገርኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። የጎረቤት መስኮት ሲከፈት ሰማሁ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ላስቲኩ ፊቱ ቀላ። አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ወደ አባቴ መስኮት አየና መልሶ ዘጋው። እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ምን ላድርግ?» አለ።

«አሁኑኑ ቀባው።»

«ከላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ውሃ አለ። ውሃው የነካው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነገ ዓይን ያየዋል፣ እትዬ። መደበቅ አይቻልም።»

«ከእኔ የሚደበቅ ነገር የለም» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል።

እሱ ግን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አባቴን «አባቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀው። ከውስጥ የአባቴ ድምፅ «እሷ ያለችውን አድርግ፣ ልጄ» አለ። ላስቲኩም የቀለም ሮለሩን ረዥም እንጨት ላይ ሰክቶ፣ ከቤቱ ደረጃ ጀምሮ ወደ ኋላው እያፈገፈገ እስከ ውጪው በር ቀባ። ሲጨርስ በሩ ላይ ቆሞ እስከ ነገ ጠዋት ማንም እንዳይረግጠው አሳሰበኝ። ቁልፉን ደረጃው ላይ ወደቆምኩበት ወረወረልኝ። ንጣፉ እንደ አዲስ አብረቅርቆ ነበር። ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የቤቱን በር ከፍቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ።

ንጣፉ ላይ የሰው ዱካ ነበር። ነጭ፣ ጭጋግ የመሰለ፣ ከማሸጊያው ስር የታሸገ። ባዶ እግር። መጥረግ የሚቻል መስሎኝ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት፤ ከላይ ልስልስ ነው፣ ነጩ ከውስጥ ነው። በእርጥብ እግር የተረገጠው ቦታ ሁሉ ላስቲኩ እንዳለው ነጭ ሆኖ ወጥቶ ነበር።

ሥራዬ ነው፤ አነበብኩት። ቀኝ እግሩ ሙሉ ነው፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት። ግራው ጣቶቹን ብቻ ነው የሚያሳርፈው፣ ከኋላው እንደ ጭረት የተጎተተ ምልክት አለው። በየእርምጃው ጎን አንድ ክብ ነጥብ አለ፤ የመወልወያው እንጨት ጫፍ ነው። አጠገቡ ደግሞ ጠብ ጠብ ያለ ውሃ፣ ከሞላ ማንቆርቆሪያ የፈሰሰ። ከደረጃው ስር ያሉት እርምጃዎች አጫጭር ናቸው፣ እንደ ሕፃን። ከአበባ ማሰሮው በኋላ ረዘም ይላሉ። አራት ቦታ ላይ ሁለቱም እግሮች ወደ ግንቡ ዞረዋል፤ ግንቡን ተደግፎ ያረፈበት ነው። ሦስተኛው ላስቲክ በነበረበት ቦታ ትልቅ ነጭ እድፍ አለ፣ ከዚያም ዱካው ዞሮ እየደበዘዘ ወደ ቤት ይመለሳል።

ቆጠርኩት። አስራ ዘጠኝ እርምጃ። ከቤቱ በር እስከ ውጪው በር ሃያ ስድስት ነው።

እኔ ዳቦ ለመግዛት ተሰልፌ ሳለሁ፣ አባቴ፣ በትከሻዬ ካልሆነ ሽንት ቤት አይሄድም የምለው አባቴ፣ በአንድ እጁ መወልወያ በሌላው ማንቆርቆሪያ ይዞ ደረጃ ወርዷል። እስከ ቻለው ድረስ ሄዶ፣ የደረሰበትን ላስቲክ በእንጨቱ ገለጥ አድርጎ፣ ውሃውን ከስሩ አፍስሶ ተመልሷል። ግቢው አላለቀም እንዲባል። አንድ ቀን፣ ሌላም አንድ ቀን እንዲጨመርለት።

አሁን የምናገረውን ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ያን ዱካ ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አይደለም። ደክሞኝ ነበር። ቤቴ ናፍቆኝ ነበር። ወንድሜ ይዞት ሲሄድ፣ ተከራዩ ሲገባ፣ የዚህ ቤት እርጥበት ከልብሴ ሲወጣ በሐሳቤ አይቼው ጨርሼ ነበር። አስራ ዘጠኝ ስል በልቤ የመጣው «ሰባት ቀርቶታል፣ ዛሬ አይደርስም» የሚል ነው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ክፍሉ ስገባ አልጋው ላይ ተቀምጧል። እግሮቹን ከብርድ ልብሱ አውጥቷቸዋል፤ የሚደብቀው ነገር እንደሌለ ገብቶታል።

«ወጣ?» አለኝ።

«ወጣ።»

«ስንት ሆነ? እኔ አንዳንዴ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።»

«አስራ ዘጠኝ።» «ለምን አልነገርከኝም፣ አባዬ?»

«ከዘራዬን የት እንዳደረግሽው አውቃለሁ» አለ። «በዚያ ላይ ገና ሳልደርስ ብነግርሽ ለወንድምሽ ትነግሪዋለሽ። ሁለታችሁም ቤቱን እንደፈለጋችሁት ጠርጥሬአለሁ።»

በዚያ ቤት ጠርጣራዋ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሱ አምስት ወር ሙሉ እኔን ሲመረምር ከርሟል፤ ዳቦ ቤት ስንት ደቂቃ እንደምቆይ፣ ከወንድሜ ጋር ስልክ ሳወራ ድምፄን መቼ ዝቅ እንደማደርግ። እንዳየሁት ከሆነ የሱ ምርመራ ከእኔ የተሻለ ነው፤ እሱ ትክክለኛውን ሰው ነው የጠረጠረው።

«አሁንም ደስ አላለሽም» አለኝ፣ ፊቴን እያየ። ቁጣ የለበትም።

«አላለኝም» አልኩት። «ይቅር በለኝ። ደክሞኛል።»

«አውቃለሁ። እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ።» እጄን ይዞ ትንሽ ቆየ።

ለላስቲኩ ደወልኩለት። ይቅርታ መጠየቅ ብዙም አልለመድኩም፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተደናቀፍኩ። እሱ ግን ብዙ አላስለፋኝም። በሁለተኛው ጠዋት ደረጃው ላይ እርጥብ ተረከዝ አይቶ እንደገባው፣ አባቴንም በመስኮቱ በኩል «ሲመለሱ ግንቡን በቀኝ እጅ ይያዙ» ብሎ እንደመከረው ነገረኝ። የሳቁት በዚያ ነበር። ያን ሁሉ ስሰድበው ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው «የሳቸው ጉዳይ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» አለ። ነጩ በማሟሟቻ እንደሚነሳ፣ ግን ንጣፉ በደንብ ደርቆ መሆን እንዳለበት፣ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ አባቴን እንደሚጠይቅ አስታወቀኝ። እኔን አይደለም፣ አባቴን።

ከስልኩ በኋላ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ወንበር አቁሜ ወጣሁና ከዘራውን አወረድኩ። አቧራውን በቀሚሴ ጠረግኩለት።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የብረት በሩ ተንኳኳ። ሁልጊዜ ሮጬ የምከፍተው እኔ ነኝ። ስነሳ አባቴ «ተይው» አለ፣ ጫማውን እየጎተተ። ጫማውን አጠለቅኩለት፤ ሶሉንም አየሁት፣ ደህና ነው። ትከሻዬን ሳላቀርብለት ተነሳ። ይህ ከሁሉ ከበደኝ። እጆቼን ወደ ኋላዬ አጣምሬ አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ ተከተልኩት።

ደረጃውን ወረደ። በነጩ ዱካ ላይ፣ ቀኙን በቀኙ፣ ግራውን በግራው እያስተካከለ ሄደ። በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ ወንድሜ ስሜን እየጠራ ክፈቺ ይላል። አበባ ማሰሮውን አለፈ። ግንቡን አንዴ ብቻ ነካው። አስራ ሰባት፣ አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ። እዚያ ዱካው አለቀ፤ ግንቡም አለቀ። አባቴ ቆመ። ጉልበቱ በሱሪው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። «አባዬ» ማለት ፈለግኩ፣ ጥርሴን ነከስኩ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የተገለበጠው፤ እንዲደርስ ፈለግኩ። ቤቴን፣ ፈቃዴን፣ ተከራዩን ሁሉ ረስቼ፣ እንዲደርስ ብቻ።

ሃያ። ሃያ አንድ። ከዘራው አንዴ ሸርተት አለ፣ መሬቱ ግን ያዘው፤ አሸዋውም ንጣፉም ሥራቸውን ሠርተዋል። ሃያ አራት። ሃያ አምስት። እጁን ዘርግቶ ብረቱን ያዘ።

መቀርቀሪያው በእርጥበቱ ዝጎ ስለሚጠብቅ ለእኔም ያስቸግረኛል። ሁለት ጊዜ ታግሎ ሳበው፤ በሩ ተከፈተ። ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ቆሞ ነበር። አባቴን አየ፣ ከኋላው እኔን ባዶ እጄን አየ፣ ከዚያ ንጣፉ ላይ ያለውን ነጭ ዱካ እስከ ቤቱ በር ድረስ በዓይኑ ተከተለ።

አባቴ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቀ።

«ግባ» አለው። «ቀስ ብለህ ርገጥ፤ ውስጡ ገና አልደረቀም።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።